ዜሮ ብዬ የጻፍኳቸው ላሞች

ላም አላችሁ?

ግድ የለም፣ አትመልሱልኝ። መልሱን አውቀዋለሁ። "የለኝም" ነው የምትሉት። ከጓሮ እምቧ የሚል ድምፅ ከተሰማ ደግሞ "እሷማ የጎረቤት ናት" ትላላችሁ። አልፈርድባችሁም። ሃያ ስምንት ዓመት በመንግሥት ቢሮ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሰው ስጠይቅ ኖሬያለሁ። ሰው ስንት ልጅ አለህ ሲባል "እግዜር ይመስገን" ብሎ ይጀምራል። ስንት ላም አለህ ሲባል ግን ወዲያው ጆሮው አይሰማም። ላም? የምን ላም? እኔን ነው?

ከብት አይቆጠርም፣ ነገሩ ይኸው ነው። አንዱ ዓይን ይበላቸዋል ብሎ ይፈራል። አንዱ ግብር ይመጣብኛል ይላል። ሌላው ከብት ያለው ከከተማ ይውጣ ሊባል ነው የሚል ወሬ ሰምቷል። ምክንያቱ ይለያያል፣ መልሱ ግን አንድ ነው። እኔም ይህን መልስ በሰማያዊ ስክሪብቶ ስጽፍ ኖርኩ። ያን ጊዜ ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ይደክመኛል።

መኮንን እባላለሁ። የወረዳ ጸሐፊ ነበርኩ፣ ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ዓመቴ ነው። ቤቴ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ ነው። ባጃጁ ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርስ "ጋሼ፣ ከዚህ በላይ ሞተሩ አይችልም" ብሎ ያወርደኛል። የሱ ሞተር ካልቻለ የኔ ጉልበት ይችላል ማለት ነው? ከዚያ በኋላ እስከ ቤቴ ሦስት ቦታ አርፋለሁ። ሦስተኛው ማረፊያዬ እትዬ ዘነበች በር ላይ ያለው ድንጋይ ነው።

እትዬ ዘነበችን ላስተዋውቃችሁ። ወጣት ሆኜ እዚህ ሰፈር ስመጣ ቤት ያከራዩኝ እሳቸውና ባላቸው ናቸው። ባላቸው ካረፉ ቆይተዋል። በስድስት ዓመት ይበልጡኛል፣ ስለዚህ እኔ ፀጉሬ ሸብቶ፣ ከሸበተውም ግማሹ አልቆ፣ ዛሬም "አንተ ልጅ" ነው የሚሉኝ። በኮረዳነታቸው ከእንጦጦ ጫካ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው እየወረዱ ይሸጡ ነበር። ታውቁታላችሁ፣ ያ ሸክም ከተሸካሚዋ ይበልጣል። ከፊት የሚታየው ጎንበስ ያለ ግንባር ነው፣ ቀሪው ቅጠል ነው። ሳንቲም በሳንቲም አጠራቅመው የመጀመሪያዋን ጥጃ የገዙ ዕለት የሸክሙን ገመድ እሳት ውስጥ ከተው አነደዱት። "ሁለተኛ ጀርባዬ ላይ አይወጣም" አሉ። አርባ ዓመት ሊሞላው ነው።

ከዚያች ጥጃ ዘር ባለፈው ዓመት ሁለት የተዳቀሉ ላሞችና አንዲት ጥጃ ነበሯቸው። ትልቋ ወለላ፣ ትንሿ ሸጊቱ። እትዬ ዘነበች በየማለዳው ወተቱን በጀሪካን ይዘው በሚኒባስ ይወርዳሉ። ጉርድ ሾላ አንድ ኬክ ቤት ይቀበላቸዋል፣ የተረፈውን መሪ ኮንዶሚኒየም ያሉ ደንበኞች ይወስዳሉ። አንድ ሊትር ደግሞ እዚሁ ይቀራል። ለማን? ለኔ።

አሁን ወደ ኃጢአቴ ልምጣ።

ጡረታ ልወጣ ሦስት ዓመት ሲቀረኝ የቤት እንስሳት ምዝገባ መጣ። ለምን እንደሆነ አልነገሩንም፣ እኛም አልጠየቅንም። አንድ ሰማያዊ ደብተር ተሰጠኝ፣ የራሴን ሰፈር መዝግብ ተባልኩ። ወሬው ግን ከኔ ቀድሞ ዳገቱን ወጥቶ ነበር። የመጀመሪያው ቤት ስገባ በረቱ ባዶ ነው፣ ግርግሙ ላይ ያለው ድርቆሽ ግን ገና በምራቅ እርጥብ ነው። ሁለተኛው ቤት ስገባ አንዲት ጥቁር ላም ቆማለች። የማን ናት ስል የላይኛው ቤት ናት ተባለ። ላይኛው ቤት ስወጣ ያቺው ጥቁር ላም በጓሮ በር ዞራ ቀድማኛለች። የማን ናት? የታችኛው ቤት። በዚያ ቀን በሰፈራችን ሁሉም ሰው የጎረቤቱን ላም ያስቀመጠ አደራ ጠባቂ ነበር።

እትዬ ዘነበች ቤት ስደርስ እንኳን ሊደብቁ ከመቀመጫቸውም አልተነሱ። "አንተ ልጅ፣ ጻፍ" አሉኝ። "ምን ልጻፍ?" "የለም በል።" ወለላ በመስኮት አንገቷን አውጥታ ታየኛለች። "እትዬ፣ ይቺስ?" "የጎረቤት ናት" አሉ፣ ዓይናቸውን ሳያርገበግቡ። ከዚያ ወተት በብርጭቆ ቀዱልኝ። ጠጣሁና ጻፍኩ። ብዛት፣ ዜሮ።

ቀኑን ሙሉ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ ስጽፍ ውዬ መጨረሻ ላይ ጋሽ ቶሎሳ ቤት ደረስኩ።

ጋሽ ቶሎሳ በአማርኛ ተቆጥተው በኦሮምኛ የሚስቁ ሰው ናቸው። ድሮ ከመሪ ወዲያ ገበሬ ነበሩ። መሬትና ስድስት ከብት ነበራቸው። መንገዱ መጣ፣ ከመንገዱ ኋላ ሕንፃው መጣ፣ ግጦሹ አለቀ። ከብቶቹን አንድ በአንድ በርካሽ ሸጠው ወደኛ ሰፈር ወጡ፣ የመጋዘን ጥበቃ ሆኑ። በግቢያቸው እንኳን ላም፣ ዶሮ የለም። ይህን ማንም ያውቃል። ስለዚህ እሳቸውን በአንድ ደቂቃ ጨርሼ ወደ ቤቴ ልሄድ ደብተሬን ከፍቼ ዘው አልኩ።

ለካስ ሽማግሌ ተቀምጧል። የልጃቸው እጅ ሊጠየቅ ሦስት ሰዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው መደብ ላይ ተደርድረዋል። አስተዋይ ሰው ቢሆን ይቅርታ ብሎ ይወጣል። እኔ ግን ደክሞኛል፣ እግሬ ቆስሏል፣ መጨረስ ነው የምፈልገው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ "ጋሽ ቶሎሳ፣ ስንት ከብት አለዎት?" አልኳቸው።

ሽማግሌዎቹ ወደሳቸው ዞሩ። እኔም የሠራሁት ሥራ ያን ጊዜ ገባኝ። ሰው አማቾቹ ፊት ባዶህን ነህ ወይ ተብሎ ይጠየቃል?

ጋሽ ቶሎሳ ግድግዳውን ትንሽ አዩት። ከዚያ "ስድስት" አሉ። በዚህም አላበቁም፣ በየመልካቸው ባወጡላቸው የኦሮምኛ ስም ጠሯቸው። "ጉራቻ፣ ዲማ፣ ቦቃ፣ ዳሌቻ፣ መጋላ፣ ቡሬ።" እያንዳንዷን ሲጠሩ እጃቸው የምትዳበስ አንገት ያለች ይመስል ብድግ ይላል። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔስ ምን ላድርግ? ስድስት ብዬ ጻፍኩ።

ልጅቷ ተዳረች። ዛሬ ከባሏ ጋር መሪ ኮንዶሚኒየም ትኖራለች፣ ያ ሕንፃ የቆመው ደግሞ ጉራቻና ዲማ ይግጡበት ከነበረው ሜዳ ብዙም አይርቅም። አማቾቹ ለበዓል በመጡ ቁጥር "ከብቶቹ ደህና ናቸው?" ይላሉ። "ግጦሽ ናቸው" ይላሉ ጋሽ ቶሎሳ። አምስት ዓመት ያለፈው ግጦሽ።

እንግዲህ ደብተሩን ስዘጋ የሰፈሬ ነገር እንዲህ ሆነ። በዳገቱ ላይ ላም ያለው ሰው አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ላም የሌለው ሰው ነው። ዜሮውን ለወዳጅነት ጻፍኩ፣ ስድስቱን ለይሉኝታ ጻፍኩ። ፈርሜ አስረከብኩ። ማን ያየዋል? ደብተር አቧራ ይበላዋል ብዬ ተውኩት።

ደብተሩን ግን አቧራ አልበላውም። ኮምፒዩተር ውስጥ ገባ።

ባለፈው ክረምት፣ ነሐሴ ውስጥ፣ ጾመ ፍልሰታ ነበር። እትዬ ዘነበች ለቅዳሴ የካ ሚካኤል ወርደዋል። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ያለ ወትሮው ወረደ። ከላይ ከጫካው የመጣው ጎርፍ ከበረታቸው ጀርባ ያለውን የድንጋይ ካብ ገፋው፣ ካቡ በረቱ ላይ ተደረመሰ። ድምፁን ሰምተን ስንሮጥ የሚታየው ጭቃና የተጣጠፈ ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮውን በእጃችን ገለበጥን። ወለላ ሞታለች። ጥጃዋም ሞታለች። ሸጊቱ ትንሽ ትተነፍስ ነበር፣ ጋሽ ቶሎሳ ጭንቅላቷን ጭናቸው ላይ አድርገው በኦሮምኛ ያወሯት ነበር፣ እጃቸው ላይ አለቀች።

እትዬ ዘነበች ነጠላቸው ርሶ መጡ። አላለቀሱም። እኔ የማርፍበት ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። "አንተ ልጅ፣ ዛሬ ፉርሽካ የለም ብዬ ወለላን በድርቆሽ ብቻ ነው ያዋልኳት" አሉኝ። እስካሁን ዳገቱን ስወጣ ይህች ነገር ትሰማኛለች።

በሦስተኛው ቀን የአደጋ ኮሚቴ መጣ። ሬሳዎቹን ፎቶ አነሱ፣ "ሁለት ላም፣ አንድ ጥጃ" ብለው ጻፉ፣ የባለቤቱን ስም ከመዝገብ እናገኛለን አሉ፣ በኖራ አስቀበሩ። ከሳምንት በኋላ በድምፅ ማጉያ ተነገረ። በጎርፉ ከብት የሞተበት ነዋሪ መልሶ ማቋቋሚያ ድጋፍ ስለሚከፈለው መታወቂያውን ይዞ ይቅረብ። ሰፈሩ ሁሉ ደስ አለው። መንግሥት አሰበን ተባለ። እኔ ብቻ ያ ሰማያዊ ደብተር ትዝ አለኝ።

እትዬ ዘነበችን ይዤ ወረዳ ሄድኩ። የድሮ ወንበሬ ላይ ሜሮን የምትባል ልጅ ተቀምጣለች። ጥሩ ልጅ ናት፣ ብድግ ብላ ወንበር ሰጠችን። ስማቸውን ኮምፒዩተሩ ላይ ጻፈች፣ ጠበቀች፣ ፊቷን አጨማደደች።

"እማማ፣ ሲስተሙ ላይ ከብት የለዎትም ይላል።"

"አዎ፣ ሞቱ እኮ ልጄ" አሉ እትዬ ዘነበች።

"አይ፣ ከመሞታቸው በፊትም የለዎትም። ዜሮ ነው የሚለው።" ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። "የመዘገበው መኮንን የሚባል ሰው ነው። ያውቁታል?"

እኔ አጠገባቸው ተቀምጫለሁ። እትዬ ዘነበች ወደኔ ዞረው አላዩኝም። ነጠላቸውን አስተካከሉና፣ "አላውቀውም ልጄ። ሳይሞት አይቀርም" አሉ።

ሰው ከዚህ በላይ ምን ይደረግለታል? ምነው ረግመውኝ ቢሆን አልኩ። ስንመለስ ባጃጁ እንደ ልማዱ ግማሽ መንገድ ላይ አወረደን፣ ቀሪውን በእግራችን ወጣነው። በሩ ላይ ስንደርስ "ግድ የለህም፣ የለም በል ያልኩህ እኔ ነኝ" አሉኝ። ማታ ለባለቤቴ ለፋናዬ ነገርኳት። ያጽናናችኝ እንዳይመስላችሁ። "ወተቱን ስትጠጣ ግን ዜሮ አልነበረም" አለችኝ።

መስከረም ሲጠባ አንድ ነገር አየሁ። ሱቅ በር ላይ ቆሜ ሳሙና ስገዛ እትዬ ዘነበች መጡ። ገመድ ጠየቁ። ባለሱቁ ቀጭን አወጣላቸው። "ወፍራም" አሉት። በማግስቱ ከእንጦጦ ቅጠል ተሸክመው ሲወርዱ አየኋቸው። ከላይ እንጦጦ ፓርክ አየር ሊቀበሉ የመጡ ወጣቶች በስፖርት ልብስ ይሮጣሉ፣ ከነሱ ጎን የቅጠል ክምር ይራመዳል፣ ከክምሩ ሥር ስልሳ ሰባት ዓመት የሞላቸው ሴት አሉ። "ላግዝዎ" ብዬ ተጠጋሁ። "አንተ ልጅ፣ ጉልበትህን ጠብቅ፣ ለራስህም አልበቃህም" አሉኝና አለፉ። እውነታቸውን ነው።

ያን ዕለት ደብዳቤ ጻፍኩ። ሃያ ስምንት ዓመት የሰው ማመልከቻ ስጽፍ ስለኖርኩ ቃል አላጠረኝም። እኔ መኮንን፣ በምዝገባው ወቅት ላም እያለ የለም ብዬ መጻፌን አምናለሁ፣ የሞቱት ከብቶች የወይዘሮ ዘነበች ናቸው፣ ለሚመጣው ሁሉ ተጠያቂ እኔ ነኝ። ፈረምኩበት። ጡረታዬንም ቢቆርጡ ይቁረጡ አልኩ። እንዲህ ዓይነት ድፍረት በመሥሪያ ቤት ዘመኔ አንድም ቀን አልጎበኘኝም፣ ለምን እንደዘገየ አላውቅም።

ሜሮን ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። በሩን ዘጋች።

"ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት እንዴ መኮንን?"

"እኔ ነኝ።"

"ሞተዋል ተብሎ ነበር እኮ።" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ስሙኝ፣ እኔ ይህን ብቀበል መዝገቡ በሙሉ ስህተት ነው ማለት ነው። አዲስ ምዝገባ እስኪካሄድ የሁሉም ክፍያ ይታገዳል። በሌላውም ሰፈር ከብት የሞተባቸው አሉ። በጀቱም ይዘጋል። ደግሞ የሰፈራችሁ ዜሮ ሁሉ ሊጣራ ነው። ይህንን ነው የሚፈልጉት?"

እኔ የምፈልገው መቀመጥ ነበር። ተቀመጥኩ።

"ሶሪ ጋሼ" አለች። "ለማንኛውም የሞቱት ላሞች ባለቤት ተገኝቷል።"

"ማን?"

ስክሪኑን አዞረችልኝ። ኮሚቴው በፎቶ ያረጋገጠው ሁለት ላምና አንድ ጥጃ ሞተዋል። በዚያ ዳገት ላይ በመዝገቡ ከብት ያለው ሰው አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ የሞቱት የሱ ናቸው። ቶሎሳ፣ ብዛት ስድስት። ሒሳቡ ትክክል ነው፣ ማን ይከራከረዋል?

ጋሽ ቶሎሳ ቤት ስደርስ የጥሪ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል። "መኮንን፣ ይኼ ያንተ ሥራ ነው" አሉኝ። "የኔ ነው" አልኩ። "የሴትዮዋን ላሞች ሬሳ አልሸጥም። ሄጄ የኔ አይደሉም እላለሁ" አሉ። በዚህ ልክ ነዎት አልኳቸው። ከዚያ ስለ ገመዱ ነገርኳቸው። "ወፍራም ነው ያለችው?" ብለው ጠየቁኝ። "ወፍራም።"

በማግስቱ አብረን ወረድን። ጋሽ ቶሎሳ ከመቀመጣቸው በፊት፣ "ላሞቹ የዘነበች ናቸው" አሉ። ሜሮን እንደ ጥሩ ልጅነቷ አስረዳቻቸው። እትዬ ዘነበች በመዝገቡ ዜሮ ናቸው፣ ዜሮ ላም አይሞትበትም። የእርስዎ ካልሆኑ ባለቤት የላቸውም፣ ብሩ ይመለሳል።

"የት ነው የሚመለሰው?"

"ወደ ላይ።"

ጋሽ ቶሎሳ ወደ ጣሪያው አዩ። ከዚያ ወንበሩን ሳብ አድርገው ተቀመጡ። "እሺ፣ ጻፊ" አሏት። "ግን በትክክል ጻፊ። የሞቱት ስድስት ናቸው።"

"ፎቶ ያላቸው ሦስት ናቸው እኮ አባባ።"

"ስድስቱም አልቀዋል። ጉራቻ፣ ዲማ፣ ቦቃ፣ ዳሌቻ፣ መጋላ፣ ቡሬ። ምክንያቱንም ጻፊ። አስፋልት።"

ሜሮን ኮምፒዩተሩን ነካካች። "አባባ፣ እዚህ ያለው ጎርፍ፣ እሳት፣ ድርቅና በሽታ ነው። አስፋልት የሚል ምርጫ የለም።"

"ለምን የለም?"

"እኔ አይደለሁም የሠራሁት።"

ጋሽ ቶሎሳ ብዙም አልተከራከሩም። እሷም ጎርፍ የሚለውን ነካች። ፈረሙ። ልንወጣ ስንል ሌላ ወረቀት ሰጠቻቸው። "ይኼ የቀሩት ሦስት ከብቶችዎ የክትባት ቀጠሮ ነው። እንዳያልፍዎት።" ጋሽ ቶሎሳ አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። እየሳቁ ነው ብዬ ዞር አልኩ፣ አልነበረም። ደጅ ወጥተን ታክሲ ስንጠብቅ፣ "የኔዎቹ ሲሄዱ ማንም ፎቶ አላነሳቸውም" አሉኝ።

ወሬው መሪ ደረሰ። በሚቀጥለው እሑድ አማቾቹ ከልጅቷ ጋር ተሰብስበው መጡ። ከብት በጎርፍ አለቀባቸው ተብሎ ሊያጽናኑ። "እግዜር ይተካልዎ" አሉ በየተራ። እኔም ነበርኩ፣ በሐሰት ሐዘን እንዴት ይቀመጣል ብዬ አፍሬ ጥግ ይዣለሁ። ጋሽ ቶሎሳ ግን አለቀሱ። ከልባቸው አለቀሱ። ምን ሐሰት አለው? ሐዘኑ የዘገየ ነው እንጂ እውነተኛ ነው። አሥራ ምናምን ዓመት ሙሉ ይተካልዎ ያላቸው አልነበረም።

ክፍያው መጣ። መቼ? ጥር ላይ። ከመስከረም እስከ ጥር እትዬ ዘነበች በዚያ ገመድ ስንት ጊዜ እንደወጡና እንደወረዱ እኔ ከድንጋዩ ላይ ሆኜ አይቻለሁ፣ ባልቆጥረው ይሻለኛል። የመጣው ብር ደግሞ የሁለት ላምና የአንድ ጥጃ ተባለ እንጂ በሱሉልታ ገበያ አንዲት እርጉዝ ጊደር ብቻ ገዛ። ጋሽ ቶሎሳ እየነዱ በእንጦጦ አሻግረው አመጧት። ጎረቤት ተባብሮ ባቆመው አዲስ በረት አስገቧት። ማሰሪያ ተፈለገ። እትዬ ዘነበች ቤት ገቡና ወፍራሙን ገመድ ይዘው ወጡ።

እንዲያው ለእትዬ ዘነበች መስጠት ግን አልተቻለም። ብሩ የተፈረመው በጋሽ ቶሎሳ ነው፣ ነገ ከብትህ የት አለ ቢባሉ የሚያሳዩት ያስፈልጋል። ስለዚህ ውል ተጻፈ። ጸሐፊው ማን እንደሆነ አልነግራችሁም። ላሟ የቶሎሳ፣ በረቱና ወተቱ የዘነበች፣ ጥጃው የሁለቱ። እንዲህ ዓይነት ነገር ከብት ባለበት አገር ሁሉ ያለ ነው። የኛ የሚለየው ባለላሙም ባለበረቷም ላሟ የራሴ ናት ለማለት አለመድፈራቸው ነው።

ጊደሯ ወለደች። ወተቱ እንደገና ጉርድ ሾላ ወረደ። ለኔም አንድ ሊትር መጣ። አልቀበልም ብዬ መለስኩ። በማግስቱም መጣ። ፋናዬ ተቀበለች።

ባለፈው ሳምንት በድንጋዩ ላይ አርፌ ሳለ አንድ ወጣት ታብሌት ይዞ ዳገቱን ወጣ። አዲስ ምዝገባ ነው አለ። እያለከለከ ነው፣ አሳዘነኝ። እትዬ ዘነበች በር ላይ ቆሙ።

"እማማ፣ ስንት ላም አለዎት?"

"የለኝም ልጄ።"

በዚያው ቅጽበት ከጓሮ እምቧ አለች።

"ይቺስ?"

"የጎረቤት ናት።"

ልጁ ሳቀ። "እማማ፣ ከታች ጀምሮ ሁሉም እንዲሁ ነው የሚለኝ። እኔ ግን በዓይኔ ያየሁትን ነው የምጽፈው።"

"ሚካኤልን! የጋሽ ቶሎሳ ናት። ውል አለኝ! መኮንን፣ ንገረው እንጂ!"

እኔ ምን ልንገረው? እኔ የምናገረውን ማን ያምነዋል? ልጁ የበረቱን በር ገፋ አድርጎ ላሟን አያት፣ ወተት የነካውን የእትዬ ዘነበችን እጅ አየ፣ በእሳቸው ስም አንድ ብሎ ጻፈ። እሳቸው ይጮሃሉ፣ እሱ ይጽፋል። በዕድሜያቸው አንድ ቀን ለመንግሥት እውነቱን ቢናገሩ የሚሰማቸው አጡ።

ልጁ ለማንኛውም ብሎ ወደ ጋሽ ቶሎሳ በር ተሻገረ። እኔም ተከተልኩት። "አባባ፣ ስንት ከብት አለዎት?" አላቸው። ጋሽ ቶሎሳ በሩ ላይ እንደቆሙ ማዶ ያለውን በረት አዩ። እትዬ ዘነበች ማዶ ሆነው እጃቸውን ያወናጭፋሉ። ጋሽ ቶሎሳ ወደኔ ዞር አሉ፣ ከዚያ ወደ ልጁ።

"እኔ? ድሮ ነበሩኝ" አሉት። "አሁን አንድም የለኝም። ያቺ የሷ ናት።"

ልጁ አመስግኖ ዜሮ ጻፈና ወደ ቀጣዩ ቤት ወጣ። እንግዲህ ተመልከቱልኝ። አንዷ እውነቱን ተናግረው አልታመኑም፣ አንዱ ዋሽተው ታመኑ፣ የሰፈራችን መዝገብ ግን በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ትክክል ሆነ።